ለቀለበት የሚያዝን ቅባት

የሜርኩሪ ጨው ለቆዳ ቀለሙን የሚሰጠው ሜላኒን እንዳይመረት በማገድ ፊትን ያነጣል፤ በቆዳ ሰርጎም ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። አንዳንድ የማንጫ ቅባቶች መርዙን «ካሎሜል» በሚል ስያሜ ሸፍነው ሲያበቁ፣ ከብር፣ ከወርቅና ከአልሙኒየም ጌጥ ጋር እንዳይነካካ በማሸጊያቸው ላይ አጥብቀው ይመክራሉ፤ ለቀለበቱ እንዲህ የሚሳሳው አምራች ጣቱን እንዴት እንደረሳው ግልጽ ባይሆንም፣ ኩላሊት ጌጥ ስላልሆነ ማስጠንቀቂያ አላስፈለገውም ይሆናል።

በ2013 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት ከአንድ ሚሊዮን 1 እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለበትን መዋቢያ ማምረትም ሆነ ከአገር አገር ማዘዋወር ከ2020 በኋላ እንዲቀር ወሰነ፤ በ2023 የተሰበሰቡት አባል አገሮች ደግሞ ይህችን 1 እጅ ራሷን ሰረዟት፤ ከመቶ እጅ የሚቆጠር የሜርኩሪ ጨው የተሸከመው ክሬም ግን በሚሊዮን መቁጠር ስላልለመደ፣ ነገሩ የሚመለከተው አልመሰለውም።