የፒኤች ሊቃውንት

ድሮ ሰው የታሸገ ውሃ ሲቀርብለት የሚያጣራው ክዳኑ አለመነካቱን ብቻ ነበር። አሁን መነጽር አውጥቶ፣ ጠርሙሱን አገላብጦ፣ በደቃቅ ፊደል የታተመችውን ሠንጠረዥ ያነባል። ካልሲየም፣ ማግኒዥየም፣ ሶዲየም፣ ባይካርቦኔት... ሁሉንም አልፎ የሚቆመው ፒኤች ላይ ነው።

በአንድ ቁርጥ ቤት አጠገባችን የተቀመጡ ጎልማሳ አስተናጋጇን ጠሯት። «የኔ እመቤት፣ ይሄ እኮ 6.8 ነው። አሲድ ልታጠጪኝ ነው? ከ7 በላይ ያለውን አምጪልኝ።» ልጅቷ ምን ታድርግ፣ ቀይራ አመጣች። 7.6። ሰውዬው ረኩ፤ አሲድ አጥንት እንደሚበላ፣ አልካላይን ግን ደም እንደሚያጠራ ለጓደኞቻቸው አብራሩ። እኔ ነኝ ያለ የኬሚስትሪ መምህር እንደዚያ አይተነትንም።

ቁርጡ በአዋዜና በሚጥሚጣ ታጅቦ አለቀ። ደረታቸውን አሸት አሸት አደረጉና «አምቦ በሎሚ!» አሉ። አምቦ በርግጥ ያስታግሳል፤ ባይካርቦኔቱ የጨጓራን አሲድ ያበርዳል። ነገር ግን ጋዝ ያለው ውሃ ፒኤቹ ከ7 በታች ይወርዳል፤ የሎሚ ጭማቂማ ከ3 በታች ነው። እሳቸው ሎሚውን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጨመቁት። በ7.6ቱ ውሃ እጃቸውን ታጠቡበት።

የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ መመሪያ ለፒኤች በጤና ምክንያት ያስቀመጠው ገደብ የለም። ጨጓራችን ራሱ 2 አካባቢ ነው፤ 6.8ም ገባ 7.6 ግድ አይሰጠው። ካልሲየሙንም ቢሉ፣ በሊትር 20 ሚሊግራም ከያዘ ውሃ የአንድ አዋቂ የቀን ድርሻ የሆነውን 1000 ሚሊግራም ገደማ ለማግኘት 50 ሊትር መጋት ነው። የጤፍ እንጀራ በካልሲየም ሀብታም ነው፤ ምን ያደርጋል፣ ሠንጠረዥ ስላልተለጠፈበት የሚያደንቀው የለም።

መነጽር ከወጣ አይቀር መታየት ያለበት ፍሎራይድ ነበር። መመሪያው በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ የሚለው ይህ ንጥረ ነገር፣ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ውስጥ ከዚያ እጥፍ ድርብ ሆኖ ይገኛል። የአካባቢውን ልጆች ጥርስ ቡናማ የሚያደርገው እሱ ነው። በወንጂ የሸንኮራ እርሻ የጉድጓድ ውሃ ለዓመታት ከጠጡ ሠራተኞች መካከል አከርካሪያቸው ደርቆ የጎበጡ አሉ። አጥንት የሚጎዳ ነገር ለሚፈልግ ሰው፣ ብዙ ጠርሙሶች ላይ ስሙ ከነመጠኑ ታትሟል።