አገርን ከፊት የማንበብ ጥበብ፦ ከመገናኛ ሜክሲኮ የተደረገ የመስክ ጥናት

አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ዋልተር ሊፕማን በ1922 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው ሌላውን ሰው የሚያየው አስቀድሞ በጭንቅላቱ በሣላቸው ሥዕሎች በኩል ነው የሚል አሳብ አቅርቦ ነበር። ለዚህ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ፈጅቷል። ከመገናኛ ሜክሲኮ በሚሄድ ታክሲ መጨረሻ ወንበር ላይ ተሳፍሮ ቢሆን ኖሮ ኡራኤል ሳይደርስ በጨረሰው ነበር።

ጥናቱ የተካሄደበት ቤተ ሙከራ ሰማያዊና ነጭ የተቀባ ቶዮታ ሃይኤስ ነው። በውስጡ ሁለት ዓይነት የፈጠራ ሥራ ይገኛል። አንደኛው በየመስተዋቱና ከሹፌሩ ጀርባ የተለጠፈው ጥቅስ ሲሆን፣ ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ ምቀኛና ሒሳብ በዝርዝር ስለ መክፈል ይመክራል። ብዙዎች የሕዝብ ፈጠራ ይሉታል። አጥኚው በአክብሮት አይስማሙም፤ ጥቅሱ ታትሞ የሚሸጥ ነው፣ አንዱ ታክሲ ላይ ያለው ሌላውም ላይ አለ። እውነተኛው ፈጠራ ከጥቅሱ ሥር በተቀመጡ ሁለት ሰዎች መካከል የሚወለደው ነው።

የሚጀምረው «አገርህ የት ነው?» በሚል ጥያቄ ነው። «አዲስ አበባ» የሚል መልስ ተቀባይነት የለውም። ጠያቂው ፈገግ ብሎ «እሱማ ሁላችንም ነን፤ የአባትህን ማለቴ ነው» ይላል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ስለ ብሔር ብሔረሰቦች ብዙ ሲደነግግ ይህን ሥነ ሥርዓት አላካተተም፤ ሕዝቡ በራሱ ተነሳሽነት የሠራው ነው። የቀበሌ መታወቂያ ላይ ለዓመታት «ብሔር» የሚል መስመር ነበረ። የፋይዳ መታወቂያ ላይ የለም። ክፍተቱን የሞላው መጨረሻ ወንበር ነው።

ከመልሱ ቀጥሎ ምደባው ይመጣል። ጉራጌ ከሆነ ነጋዴ፣ ዶርዜ ከሆነ ሸማኔ፣ ጎንደሬ ከሆነ ጉረኛ ነው። ወሎዬ ከሆነች ቆንጆ ናት፤ ቆንጆ ካልሆነችም አይን አላት ይባላል። የሐረር ልጅ እጅ ላይ ገንዘብ አይበረክትም። ጎጃሜ «ደህና ዋልክ?» ቢልም ውስጡ ቅኔ አለበት። ሃያ ሁለት ላይ የተጠየቀ ሰው ካዛንቺስ ላይ ጠባዩን ይረከባል።

መሠረት የለውም እንዳይባል፣ የዶርዜ ወንዶች በእርግጥ ይሸምናሉ፤ ሽሮ ሜዳ ምስክር ነው። መርካቶ ላይም የዓረብ ነጋዴዎች ቀስ በቀስ ሲለቁ ቦታውን በብዛት የያዙት ጉራጌዎች ነበሩ። አንዱ ቀድሞ መጥቶ ሊስትሮ ይሠራል፣ ወንድሙን ያስመጣል፣ ወንድሙ የአጎቱን ልጅ ያስመጣል፤ መሬት ሲጠብና ዘመድ ከተማ ሲኖር የትም የሚሆን ነው። ነገር ግን ይህን ለማስረዳት እስከ ጦር ኃይሎች መጓዝ ይጠይቃል። «ደማቸው ውስጥ ነው» ለማለት አንድ ፌርማታ ይበቃል።

የንድፈ ሐሳቡ ጥንካሬ የሚታየው ማስረጃ ሲቃወመው ነው። አጥኚው የሚያውቁት አንድ የቢሮ ሠራተኛ አባቱ ከጉራጌ፣ ከጉመር ነው። ዕቁብ ሲቋቋም ሳይጠየቅ ሰብሳቢ ተደረገ። ይህ ሰው አንድን ብር ሁለት ጊዜ ቆጥሮ አንድ ዓይነት ድምር የማግኘት ዕድል ገጥሞት አያውቅም። ሒሳቡ ሲጎድል ከደመወዙ ሞላ፤ በሚቀጥለውም ዙር ሞላ። ባልደረቦቹ ተያዩና «ያለ ትርፍ አያደርገውም» አሉ። እስከ ዛሬ ትርፉን በጉጉት ይጠብቃሉ።

እንዲህ ዓይነቱ ማብራሪያ ካልሠራ ወደ እናት ይኬዳል። እጁ የተፈታ ጉራጌ ከተገኘ «እናቱ ከወዴት ናት?» ይባላል። እናት ካልበቃች አያት አለች። ንድፈ ሐሳቡን ያፈረሰች አያት እስካሁን አልተገኘችም።

ከሁሉ የረቀቀው ምስጋናው ነው፦ «አንተ ግን ጉራጌ አትመስልም።» በአራት ቃል አንድ ሰው ከፍ ይላል፣ ዘመዶቹ በሙሉ ዝቅ ይላሉ፣ ተመስጋኙም «አመሰግናለሁ» ይላል። ይህን ያህል የተቆጠበ ድርሰት በየትኛውም የታክሲ መስተዋት ላይ አልታየም።

አጥኚው ራሳቸውም ለናሙናነት ቀርበዋል። አባታቸው ከሐረር፣ እናታቸው ከጎጃም መሆናቸውን የሰማ አንድ ደግ ጎልማሳ ሥራቸውን ጠየቃቸው። ግጥም እንደሚጽፉ ሲነግሩት «እሱ የእናትዎ ነው» አለ። ቅኔ በዋሸራና በጎንጅ ጉባኤ ቤቶች ከየኔታ እግር ሥር ዓመታት የሚፈጅ ትምህርት ነው፤ የአጥኚው እናት ደግሞ ፊደል የቆጠሩት በደርግ ዘመን መሠረተ ትምህርት ነው። ጎልማሳው ይህን እንደ ዝርዝር ጉዳይ አለፈው። ግጥሙ ገንዘብ እንደማያስገኝ ሲሰማ «እሱ የአባትዎ» አለ። «የራሴ የሆነ ነገር ይኖር ይሆን?» ቢሉት ከላይ እስከ ታች አያቸውና «መነጽሩ» አለ።

አጥኚው በተራቸው የእሱን አገር ጠየቁ።

«እኔ ሰው ነኝ፤ ዘር አልቆጥርም» አለና «ወራጅ አለ!» ብሎ ስታዲየም ላይ ወረደ።

ከፊት ወንበር የነበሩ አንዲት እናት በሩ እስኪዘጋ ጠብቀው ዘወር አሉ። «መንዜ ነው» አሉ፤ «ኩራቱን አላያችሁም?»