ባዮስና ምጣድ

እኔ የተማመንኩት በመብራቱ ነበር። ኦስሎ እኮ ነው! ኖርዌይ ኤሌክትሪኩን ከሞላ ጎደል ከውኃ ነው የምትቀዳው፣ ቶየን ያለው የእኛ አሮጌ ሕንጻ እንኳ ጨለማ አያውቅም። አዲስ አበባ ብሆን ባዮስ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያስነሳውን ፕሮግራም፣ መንካቱን አላስበውም፤ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ድንጋይ ሆኖ ይቀራላ።

ጣጣው የመጣው ከእድራችን የኢንተርኔት ስብሰባ ነው። ኮምፒውተሬ ሰብሳቢያችንን አፋቸውን እንደከፈቱ ያደርቃቸውና ንግግራቸውን ሌላ ሰው ሲናገር ያሰማኛል። ጤነኛ ሰው ሌላ ኮምፒውተር ይገዛል። እኔ ደግሞ በፈረንጆቹ ሐምሌ 2007 የወጣውን ኮር 2 ዱዎ ኢ6550 ፕሮሰሰር ነቅዬ ዚዮን ኢ5450 ልተክል ተነሳሁ። አዲስ ያልኩት ይኸው ዚዮን የወጣው በዚያው ዓመት ኅዳር ነው፤ አዲስነቱ የአራት ወር ብቻ ነው። ሳቁ፣ ግዴለም። ግን ባለ 4 ኮር ነው፣ ዋጋውም እዚህ አገር ከሁለት ማኪያቶ አያልፍም።

ዚዮኑ የሰርቨር ነውና የተሠራው ለ771 ሶኬት ነው፣ የኔ ቦርድ 775። ሁለት መገናኛዎችን የምታቀያይር ተለጣፊ ከሥሩ ትለጠፋለች፣ የሶኬቱ ጥርስ በምላጭ ይከረከማል። ይህ ቀላሉ ነው። ባዮሱ ግን የዚዮኑን ማይክሮኮድ ካላገኘ እንግዳውን በወጉ አያስተናግድም። ስለዚህ ማይክሮኮዱን የባዮሱ ፋይል ውስጥ ጨምሬ፣ ዚዮኑን ከመትከሌ በፊት የባዮሱ ቺፕ ላይ መጻፍ ጀመርኩ።

እኩሌታው ላይ ሲደርስ ባለቤቴ ምጣድ ጣደች። እህቷ ከአዲስ አበባ በሻንጣ ያመጣችላት አዲሱ ምጣድ፣ ያን ቀን ሊሟሽ።

ድርግም!

ጋቢዬን እንደለበስኩ ፊዩዙ ወዳለበት ደረጃ ወጣሁ። የጎረቤቶቹ መብራት ቦግ ብሏል፤ የጠፋው የኛ ብቻ ነው። ጡረተኛዋ ጎረቤታችን ፊዩዝ ይዘው ብቅ አሉ። «ምን ስትሠሩ ነው?» «ዳቦ» አልኩ። እሳቸው እቴ! ካላየሁ ብለው ገቡ፣ መነጽራቸውን አድርገው የምጣዱን ጀርባ አነበቡ፤ 3,500 ዋት። ለ230 ቮልት በቃላቸው አካፈሉና «15 አምፔር። ያንተ ፊዩዝ 10 ነው» አሉኝ፣ እንደ ተማሪ አቁመው። ቀጥለው ወደ ኮምፒውተሩ አዩ። «ይሄስ ምን ሆኖ ነው የተበታተነው?» በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! ዳቦ እንዳልላቸው…

በማግስቱ ድንጋይ ለሆነው ኮምፒውተሬ እዚሁ ተወልዶ ያደገ የወዳጄን ልጅ ጠራሁ፤ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ቺፑን ቆንጥጦ የሚይዝ መቆንጠጫና አውራ ጣት የምታክል መጻፊያ ከቦርሳው አወጣ።

«ጋሼ፣ የድሮውን ባዮስ አስቀምጠሃል?»

«እንዴታ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

«የት?»

«ኮምፒውተሩ ውስጥ።»

ልጁ ጨዋ ነው፣ አልሳቀም። ዝም ብሎ ሃርድ ዲስኩን ፈታ፣ ከራሱ ላፕቶፕ ጋር አገናኝቶ ፋይሉን አወጣ፣ ማይክሮኮዱን ጨመረበትና ሻይ ሳይቀርብለት ጽፎ ጨረሰ። ዚዮኑ ተተከለ፣ ተነሳ፣ 4 ኮር ቆጠረ።

በቀጣዩ ስብሰባ ሰብሳቢያችን ጥርት ብለው ታዩኝ። የእድሩ አሮጌ ላፕቶፖች ጠጋኝ እንደሚያስፈልጋቸው ሲናገሩ ሰማሁ፤ ባለቤቴም ከወጥ ቤት ስሜን ስትጠራ ሰማሁ። በሙሉ ድምፅ ተመረጥኩ። የመጀመሪያው ላፕቶፕ ቅዳሜ ይመጣል።