ስንተኛ ደረጃ ወጣሁ?

ሰሊጤን ሸጬ ብሩን በወጉ ሳልቆጥረው የእህቴ ልጅ ከጎንደር ደወለ። ያ ልጅ ከደወለ ወይ ሰርግ አለ፣ ወይ ብድር አለ። ያን ዕለት ግን፣ "አጎቴ፣ የሕይወት መድን ግባልኝ" አለ። የመድን ወኪል ሆኖ የመጀመሪያ ደንበኛውን እያፈላለገ ነው። የመጀመሪያ ደንበኛ ደግሞ ምንጊዜም አጎት ነው።

ለባለቤቴ ስነግራት ማማሰያዋን እንደያዘች ቀጥ አለች።

"ብሩን መቼ ነው የሚሰጡን?"

"እኔ ስሞት።"

"የሚከፍለውስ?"

"እኔው ነኛ፣ በየዓመቱ።"

ትንሽ አሰበችና "እንግዲህ አንተ ካልህ" ብላ ወደ ወጧ ተመለሰች። ያን ያህል ቶሎ ትስማማለች ብዬ አልጠበቅሁም።

እኛ የኮኪት ሰዎች እድር አለን። እድር ሽንት አምጣ አይልም፤ የሚቆጥርብህ መዋጮህንና የቀረህበትን ቀብር ነው። ግፊትህ 200 ቢገባም ድንኳኑ ይተከላል። ደርግ በ1967 የወረሰው፣ በ1986 አዋጅ እንደገና ለግል የተፈቀደው መድን ግን ሰውየው ከመሞቱ በፊት ጤነኛ መሆኑን ማየት ይፈልጋል።

የእህቴ ልጅ የምርመራውን ትእዛዝ በስልክ ደረደረው፦ ቢያንስ 8 ሰዓት ምግብ የለም፣ ከዋዜማው ጀምሮ ከባድ ሥራ የለም፣ ጨው ቀንስ፣ አረቄ አትቅመስ፣ ውኃ ጠጣ፣ በደንብ ተኛ፣ ጠዋት ቡና የለም። ጾሙ አላስጨነቀኝም፤ ጾመ ነቢያት ገብቷል። ቡናው ግን! እኛ ሰፈር ጠዋት ቡና ሳይጠጣ የወጣ ሰው ጎረቤቱ "ምን ነካህ?" ይለዋል። ሱዳን ሲነግድ የኖረው ጎረቤቴ "ከርከዴ ጠጣበት፣ ግፊት ያወርዳል" አለኝ። ከርከዴው መልካም ነበር፤ ገላባት የተማረው አፈላል ግን ለአንድ ብርጭቆ አራት ማንኪያ ስኳር ነው። ግፊቴን አወርዳለሁ ብዬ ስኳሬን ልሰቅለው!

የዚህ ሁሉ ዝግጅት ነገር የገባኝ ወንፊቱን ሳይ ነው። ሰሊጥ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ይበጠራል። ነጋዴው ጆንያውን በሹል ብረት ወግቶ ናሙና ያወጣና ባዕድ ነገር ይፈልጋል፤ ምርት ገበያ ከገባም "ሁመራ ጎንደር" ተብሎ ደረጃ ይሰጠዋል። ማበጠር ያባት ነው። ከጆንያው ሥር አሸዋ መክተት ግን ሌላ ነው። የእህቴ ልጅም ይህንኑ በሕግ ቋንቋ ነገረኝ፤ በ1952ቱ የንግድ ሕግ፣ የሚያውቀውን በሽታ ሆን ብሎ የደበቀ ሰው ውሉ ፈራሽ ነው። ሁሉንም ልናገር ቆረጥሁ።

ገንዳ ውኃንና ነጋዴ ባሕርን አልፌ አይከል ስደርስ ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር። የቆላ ሰው ነኝ። እዚያ ምን እንዳደረግሁ ቆይቼ እናገራለሁ።

ጎንደር፣ የሐኪም ቤቱ መዝጋቢ "ኮኪት የት ነው?" አለችኝ። "አፄ ዮሐንስ በ1881 የወደቁበት መተማ አጠገብ" ስል የእህቴ ልጅ በክርኑ ጎሸመኝ። ለካ ለመድን ሰው አገር እንዲህ አይነገርም። ሐኪሙ ግን መተማ የሚለውን ሲሰማ ቅጹን አስቀምጦ "ጋደም ይበሉ" አለና እጁን ቀጥታ ግራ ጎድኔ ሥር ሰደደ። የሌላውን ሰው ልብ ያዳምጣሉ፣ የመተማን ሰው ጣፊያ ይዳብሳሉ። አልፈርድበትም። ወባውም ካላዛሩም ጣፊያ ያሳብጣል፤ ካላዛር የምታመጣው የአሸዋ ዝንብ ደግሞ የምትደበቀው ሰሊጥ በሚያበቅለው በዚያው ዋልካ መሬት ስንጥቅ ውስጥ ነው።

"ካላዛር ይዞዎት ያውቃል?"

"ድሮ። በቀን ሁለት ሁለት መርፌ፣ 17 ቀን። ድኛለሁ።"

"ወባስ?"

"ወባም በሽታ ተብሎ ይጻፋል?"

"ስንት ጊዜ?"

በጣቴ መቁጠር ስጀምር "ብዙ" ብሎ ጻፈ።

ሚዛን ላይ ወጣሁ፤ 63 ኪሎ። ሌላ ጊዜ ሚዛን አጎደለብኝ ብዬ ከነጋዴ የምናነቀው ሰውዬ፣ ቢያጎድል ይሻለኝ ቢጨምር አላወቅሁም። ከዚያ ክንዴን አስሮ ነፋው። 158 በ96።

"ቡና ጠጥተዋል?"

አይከል ላይ ብርድ ነበር። አንዲት ሴት ጀበናዋን ጥዳ ነበር። ሰው ነኝ።

"አቦሉን ብቻ" አልሁ። ሐኪሙ ዝም ብሎ አየኝ። የ1952ቱ ሕግ ትዝ አለኝ። "ቶናውንም። በረካውን ሚኒባሱ አስጥሎኛል።"

"ነገ በባዶ ሆድ ይመለሱ" አለኝ። ያን ሌሊት የእህቴ ልጅ የቡና ጠባቂ ሆኖ በር ላይ ተኛ። በማግስቱ 144 በ90 ሆንሁ፤ ነርሷም በተራዋ ክንዴን ወግታ ናሙናዋን ስትቀዳ፣ ስንቱን ጆንያ እንዳስወጋሁ አስቤ ዝም አልሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልክ ተደወለ።

"ስንተኛ ደረጃ ወጣሁ?"

"አልፈሃል አጎቴ። ለግፊቱ ብቻ ትንሽ ጭማሪ ትከፍላለህ።"

ሰሊጥ ባዕድ ነገር ሲገኝበት ዋጋው ይወርዳል፤ እኔ ሲገኝብኝ ወጣሁ። ይህን ለባለቤቴ እያስረዳሁ ሳለ ጀበናውን አወረደችና ሲኒዬን አስጠጋች።

"እንግዲህ ከዛሬ ወዲያ" አለች ረጋ ብላ፣ "ቡናህን ልቀንስልህ ወይስ ላብዛልህ?"