አራተኛው ሲኒ

ልብ አንጠልጣይ ፊልም ለመሥራት ቆርጠው ተነስተዋል እንበል። ገንዘቡን ከአጎትዎ ተበድረዋል፤ ለክፉው ሰውዬ የቆዳ ጃኬትና ጥቁር መነጽር ገዝተዋል፤ የጭስ ማሽን በቀን ሒሳብ ተከራይተዋል፤ የሚያስፈራ ሙዚቃም ከዩቲዩብ አውርደዋል። የቀረው መክፈቻው ነው፤ እሱንም ስሜን ተራሮች፣ አምባራስ ሄደው ሊቀርጹት አስበዋል። ደግ አስበዋል። እንግዲያው ከጎንደር ሳይነሱ ጃኬቱን፣ መነጽሩንና ማሽኑን ወደመጡበት ይመልሱ፤ ሙዚቃውንም ያጥፉት። የአጎትዎን ገንዘብ ግን ለጊዜው አይመልሱ።

የፊልም ትምህርት የቀመሰ ወዳጅ ካለዎት «ሚዛንሴን» የሚባል ነገር ሳያነሳብዎት አይቀርም። እኔ ቃሉን መጀመሪያ ስሰማ የሚዛን ዓይነት መስሎኝ ስንት ኪሎ ይችላል ብዬ ልጠይቅ ምንም አልቀረኝ። ከፈረንሳይ ቲያትር ቤት የመጣ ቃል ነው፤ መድረክ ላይ ማስቀመጥ እንደማለት። ካሜራው ፊት የሚቀመጠው ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል፦ ቤቱ፣ ዕቃው፣ ልብሱ፣ ብርሃኑ፣ ማን የት እንደቆመና ማን ለማን ጀርባውን እንደሰጠ። አሁን ሳስበው ሚዛን ማለቴ ያን ያህል ስህተት አልነበረም። ጀበናውን አንድ ስንዝር ወደ በሩ ቢያስጠጉት ትዕይንቱ ወደ በሩ ያጋድላል፤ ተመልካቹም ሳይታወቀው በሩን መጠበቅ ይጀምራል።

ከጎንደር አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፈው ደባርቅ እስኪደርሱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደባርቅ ላይ የፓርኩን ክፍያ ከፍለው ስካውት ይመደብልዎታል፤ ስካውቱም ጠመንጃ ይዟል። ስለዚህ የፊልምዎ ብቸኛ ጠመንጃ ከካሜራው በስተጀርባ ይሆናል ማለት ነው። እዚያው ይቆይ። ከተማ ያደገ ተመልካች ጠመንጃ ሲያይ ሊደነግጥ ይችላል፤ የዚህ አገር ሰው ግን ምንሽር ያነገተ መንገደኛ ሲያይ የሚጠይቀው «ሰርግ ነው ወይስ ገበያ?» ብሎ ነው።

የስሜን ሰው የሚያስፈራው ሌላ ነገር ነው። ፀሐይ አዘቅዝቃ ብርዱ አጥንት መንካት ሲጀምር፣ ያለ ጋቢና ያለ ዱላ በሸንተረሩ ላይ የሚመጣ ሰው ያስቡ። በሸሚዝ ብቻ። አይሮጥም፣ አይንቀጠቀጥም፣ ዝም ብሎ ይራመዳል። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት የዳባት እናት ያኔ ነው እጃቸውን አፋቸው ላይ የሚጭኑት። ጋቢውን ምን ላይ ጣለው? ማንን ሸፈነበት? ዱላውስ ምን ላይ ተሰበረ? እርስዎ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ሴትዮዋ ግማሹን ድርሰት ጽፈው ጨርሰውልዎታል፤ ክፍያም አይጠይቁ።

ይህን ከኪሴ ያወጣሁት እንዳይመስልዎት። የጎንደር ተወላጁ ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው «ጤዛ» ውስጥ፣ አንበርብር ጀርመን ኖሮ ወደ ትውልድ መንደሩ ሲመለስ አንድ እግሩ የለም። ፊልሙ እግሩ የት እንደቀረ ለመናገር አይቸኩልም። ሰውዬው በየሜዳው ይመላለሳል፤ የጎደለው እግርም በየትዕይንቱ አብሮት ይመላለሳል። «ጤዛ» ትሪለር አይደለም፤ ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕትን ሽልማት፣ በማግስቱ ዓመትም ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ሲወስድ ማንም ትሪለር ብሎ አልሸለመውም። ግን አንድ የጎደለ እግር ተመልካችን ከሁለት ሰዓት በላይ አንጠልጥሎ ማቆየት ከቻለ፣ የእርስዎ የቆዳ ጃኬት ምን ያህል ደቂቃ እንደሚያቆይ አስበው ይመልሱልኝ። የእግሩን ነገር እኔ አልነግርዎትም፤ ፊልሙን ይዩ።

ወደ ጭሱ ማሽን እንምጣ። ከዓመታት በፊት እኛም ሰባት ሆነን አንዱን ማሽን ከነጄኔሬተሩ ተሸክመን ወጥተን ነበር። ጭሱ ሳሳ፣ አልሳሳም ስንከራከር እውነተኛው ጉም ከገደሉ ሥር ተነሣ። አምስት ደቂቃ አልሞላውም፤ ተዋናዩ ጠፋ፣ ካሜራው ከነማቆሚያው ጠፋ፣ እኔም ጠፋሁ። ከነጩ ውስጥ የተዋናዩ ድምፅ «ልጀምር?» አለ። ከሌላ አቅጣጫ ደግሞ «አልጨረስክም እንዴ?» የሚል መልስ መጣ።

የአምባራስ ጉም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ቀጠሮም አያከብርም። ብልሃቱ ጉሙ ሲመጣ መቅረጽ ሳይሆን ሲገለጥ መቅረጽ ነው። ወደ ግጭ ወይም ወደ ጨነቅ ሲያዘግሙ ጅብራ ያገኛሉ፤ ቁመቱ የሰው፣ አንዳንዴም ከሰው የሚበልጥ፣ ዝም ብሎ ሜዳ ላይ የሚቆም ተክል። በጉም ውስጥ ከሩቅ ላየው ሰው ይመስላል። ካሜራዎን ይትከሉና አይነቅንቁት። ጉሙ ይገለጥ፦ ሰባት ጅብራ። ጉሙ ይመለስ፤ ይቆይ፤ ዳግም ይገለጥ፦ ስምንት። በቃ፤ ወደ ሌላ ትዕይንት ይለፉ። ማንም ሰው ጣቱን ቀስሮ «ያ ምንድን ነው?» እንዳይል። የቆጠረ ቆጥሯል፤ ያልቆጠረውን አጠገቡ የተቀመጠው ይነግረዋል። (ጨነቅ ያልኩት የቦታ ስም ነው። ከዚያው ወዲህ 4,070 ሜትር ከፍታ ላይ እናትዬ የሚባል ጫፍ አለ፤ ለምን እንዲያ እንደተባለ ቁልቁል ያየ ሰው አይጠይቅም። ቦታዎቹን የሰየሙት ሰዎች ሲኒማ ቤት ደርሰው የሚያውቁ አይመስለኝም፤ ሥራውን ግን ከእኛ ይልቅ ያውቁበታል።)

አሁን ወደ ቤት እንግባ። ሲገቡ ግን «ቤቶች!» ብለው ይግቡ። ይህ ጨዋነት ብቻ አይደለም፣ የድምፅ ሥራም ነው። በዚህ አገር ሰው ከውጭ ይጣራል፣ «ውሻ ያዙልኝ» ይላል፣ ውሻው ይጮኻል፣ ከውስጥ «ይግቡ» ይባላል። ቅደም ተከተሉን ሁሉም ያውቀዋል። ከነዚህ አንዱን ብቻ ይንሱት። ሳይጣራ የገባ ሰው አንድ ነገር ነው፤ ሳይጣራ ገብቶ ውሻው ጭራውን የቆላለት ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

የገጠሩ ቤት መስኮት ብዙም አያውቅም። ጣሪያው በጥቀርሻ ጠቁሯል፤ ብርሃን የሚገባው በበሩ ነው፣ የቀረውን ምድጃው ያግዛል። ረዳትዎ ኤልኢዲ መብራት ሊያስገባ ሲል እጁን ይያዙት። በሩ ብቸኛው መብራት ከሆነ፣ በሩ ላይ የቆመ ሰው መብራቱን አጠፋው ማለት ነው። ፊቱ አይታይም፤ የቤቱ ሰዎች ፊት ግን ሲጨልም ይታያል። ይህን የሚያህል መሣሪያ ከነምሰሶው በነፃ ተሠርቶ እየጠበቀዎት፣ እርስዎ የመብራት ኪራይ ሊከፍሉ ነበር።

መክፈቻዎ ይኸው። እናት ቡና ያፈላሉ። መደቡ ላይ ባልየው፣ ምሰሶው ሥር ልጅቱ፤ ሁሉም የገብስ ቆሎ ይዘዋል። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ተመልካቹ እንዲቆጥራቸው ጊዜ ይስጡት። ረከቦቱ ላይ ስድስት ሲኒ ተደርድሯል፤ ይህ የትም ቤት ያለ ነውና ማንንም አያስደነግጥም። እናት ይቀዳሉ። አንድ። ሁለት። ሦስት። እጃቸው አይቆምም፤ አራተኛውንም ይቀዱና አጎዛ የተነጠፈበት ባዶ ቦታ አጠገብ ያኖሩታል። ማንም ምንም አይልም። ወሬው ስለ ገብሱ ነው፣ ስለ ውርጩ ነው።

ተመልካቹ ያን ጊዜ ሥራ ይይዛል። ጎረቤት ሊመጣ ይሆን? ነገር ግን ማንም «ቡና ጠጡ» ብሎ አልተጣራም። ለአድባር ይሆን? ወይስ ጓዳ ውስጥ ሰው አለ? ይተዉት፣ ይብሰልሰል። ካሜራው ወደ ልጅቱ ፊት ይሂድ፤ ቆሎዋን ታኝካለች፣ የጥርሷ ድምፅ ይሰማል፤ መሐል ላይ ማኘኳን ታቆማለች፣ ትንሽ ቆይታም ትቀጥላለች። ከዚያ ለቶና ሲኒዎቹ ይሰበሰባሉ፤ አራተኛው ሲኒ ባዶ ነው፣ ሥሩ ላይ ዝቃጩ ብቻ ቀርቷል። ማን እንደጠጣው ካሜራው አላየም። በረካ ላይ ምን እንደሚሆን ከእኔ አይጠብቁ፤ የአጎትዎን ገንዘብ የሚያስመልሰው እሱ ነው።

ሐሳቡ አዲስ ነው ብዬ አልዋሽዎትም። ፍሪትዝ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1931 በሠራው «ኤም» አንዲት እናት ለልጇ ምሳ አቅርባ ትጠብቃለች። ሰዓቱ ይሄዳል፤ ደረጃው ባዶ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ሳህንና ማንኪያ ተቀምጧል፤ ከዚያ ሣር ላይ የሚንከባለል ኳስ፣ ሽቦ ላይ የተያዘ ፊኛ። አንዲት የደም ጠብታ የለም። የበርሊኑ ባዶ ሳህን ከአምባራሱ ሙሉ ሲኒ ጋር ዘመዳሞች ናቸው፤ ልዩነቱ እኛ ቡናው ሦስት ጊዜ ስለሚቀዳ ሦስት ጊዜ ማስፈራት መቻላችን ነው።

ውጭ የሚቀረጽ ነገር ካስፈለገዎት ጭላዳዎቹ አሉ። ጭላዳ ሣር ነጭቶ የሚኖር እንስሳ ነው፤ ሌሊቱን ገደል ላይ አድሮ ጠዋት ወደ ሜዳው ይወጣል፣ አደጋ ሲሸተው ተመልሶ ወደ ገደሉ ይወርዳል። እረኛው ልጅ ከፊት ጅራፉን ይግመድ፤ ከበስተኋላው መንጋው ይጋጥ። አንዱ ቀና ይበል። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሜዳው ባዶ ይሁን። ልጁ ጅራፉን እየገመደ ነው። ሂችኮክ ከትሩፎ ጋር ባደረገው ጨዋታ፣ ጠረጴዛ ሥር ያለ ቦንብ ሳይታሰብ ቢፈነዳ የአሥራ አምስት ሰከንድ ድንጋጤ ነው፣ ተመልካቹ አስቀድሞ ቢያውቅ ግን የአሥራ አምስት ደቂቃ ጭንቀት ነው ብሎ ነበር። እዚህ ጠረጴዛም ቦንብም አያሻም። ልጁንም መንጋውንም አጥርተው ያሳዩ፤ ልጁን ብቻ አጥርተው ኋላውን ካደበዘዙት ጭላዳው የለም፣ ጭላዳው ከሌለም ፊልሙ የለም። አንድ ችግር ብቻ አለ። የፓርኩ ጭላዳ ፈረንጅ ካሜራ ደግኖ አጠገቡ ሲቀመጥ ኖሯልና ለእርስዎ ክፉ ሰውዬ ቀና ብሎም አያይ። እያባረረ የሚያስሮጥልዎ ሰው እንዳይልኩ፣ ነውር ነው። ስንቅ ይዘው ይጠብቁ።

ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደውን ሊማሊሞንም ያስቡ ይሆናል። ኩብሪክ የ1980ውን «ዘ ሻይኒንግ» በተራራ መንገድ በምትሄድ ትንሽ መኪና ከፍቷል፤ ከሰማይ ሆኖ ነው የሚያያት። «እንግዲህ ድሮን ልከራይ» ይሉኛል። በዚህ ዘመን በዚህ ሰማይ ሥር የድሮን ድምፅ ሲሰማ ሰው የሚያስበው ፊልም አይደለም፤ ይተዉት። አውቶቡሱ ውስጥ ይግቡና የረዳቱን እጅ ይቅረጹ፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆረጠው መንገድ መጠምዘዝ ሲጀምር ብር መቁጠሩን ያቆማል።

እንግዲህ ሁሉ ተዘጋጅቷል። ቤታቸውን የፈቀዱልዎ እማማ ጀበናውን ጥደዋል፤ ተዋናዮቹ ቦታቸውን ይዘዋል፤ አጎዛው ተነጥፏል፤ ካሜራው በበሩ ብርሃን ተስተካክሏል። እማማ አራተኛውን ሲኒ የት እንደሚያኖሩት ሦስት ጊዜ አስረድተዋቸዋል፣ እሳቸውም ሦስት ጊዜ «እሺ ልጄ» ብለዋል። «ቀረጻ!» ይላሉ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራተኛውን ይቀዳሉ፤ አጎዛውን ያዩታል፣ እርስዎን ያዩዎታል፣ ከዚያ ቀና ብለው ወደ ደጅ፦ «አንተ ልጅ፣ ከጠዋት ጀምሮ ብርድ ላይ ተገትረህ! ና ግባ፣ ሳይቀዘቅዝ» ይላሉ።

ስካውቱ ከነጠመንጃው በሩ ላይ ይቆማል። ቤቱ ይጨልማል። ልጅቱ ቆሎዋን ማኘክ ታቆማለች፤ ይህን እርስዎ አላዘዙም።

አፍዎን ይያዙ። ካሜራውን እንዳይነኩት።