ከፊት ሆኖ በክብር ለመሸነፍ

ከሳጉሬ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ዳር በማለዳ የምትሮጥ ወንድሜ፣ ስለ ማሸነፍ የሚመክርህ ሞልቷል። እኔ በ10 ሺህ ሜትር አምሮ መሸነፍን ልንገርህ።

ተኩሱ እንደተሰማ ውጣና ፊት ያዝ፤ ከዚያም እንዳትለቅ። ፖከር የሚጫወቱ ሰዎች ነገሩን ያውቁታል፤ ቀድሞ የሚወራረድ የሌላውን ሳያይ የራሱን ይናገራል፣ መጨረሻ ተራ የደረሰው ግን የሁሉንም ሰምቶ ይወስናል። አንተ 25ቱንም ዙር ቀድመህ ተናገር። ነፋሱንም ለብቻህ ብላው፤ ከኋላህ ያለው ጀርባህን ተጠልሎ ጉልበቱን ይቆጥብ። እንግዳ ማስተናገድ የአገራችን ወግ አይደል?

ሲደክምህ ቀዝቀዝ በልና ተከታይህን «እስኪ አንተ ምራ» ብለህ ጋብዝ። ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ኦሎምፒክ ላይ ይህንኑ አድርጋለች። ከኋላዋ የነበረችው የበቆጂ አካባቢ ልጅ ደራርቱ ቱሉ ግን ግብዣውን አልተቀበለችም፤ የመጨረሻው ዙር እስኪቃረብ ተከተለቻትና ያኔ ጥላት ሄደች። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ሽንፈቱ ቆንጆ ነበር፤ ወርቁ ግን የደራርቱ ነው።

ቀጣዩ ዘዴ ችሎታ ይጠይቃል። በ1993 የሽቱትጋርት ዓለም ሻምፒዮና ላይ ኬንያዊው ሞሰስ ታኑይ ፊት ሲመራ፣ የአሰላው ኃይሌ ገብረሥላሴ ከኋላው ተጠግቶ ተረከዙን ረገጠው። ታኑይ ጫማውን አውልቆ ጣለ፣ ተናደደ፣ ፈረጠጠ። በንዴት መፈርጠጥን ልብ በል፤ የተጠራቀመውን ጉልበት በአንድ ጊዜ ይጨርስልሃል። ኃይሌ ክፍተቱን ዘጋና በመጨረሻው ቀጥታ አለፈው። እርግጥ ተረከዝ መርገጥ ከጨዋ ሰው አይጠበቅም፤ እኔ የምመክርህም ስለሚረገጠው እንጂ ስለሚረግጠው አይደለም።

ኬንያዊውን ፖል ተርጋትንም እንዳትረሳ። በ1996 አትላንታ ላይ ጥቂት ዙሮች ሲቀሩ ፍጥነቱን ጨምሮ ከፊት መራ፤ ኃይሌ ተከተለው፣ በመጨረሻው ዙር ቀደመው። ተርጋት ትምህርቱን ወሰደና በ2000 ሲድኒ ላይ እስከ ማብቂያው ድረስ ተደብቆ ቆየ፤ ሩጫው ሊያልቅ ሲል ብቻ ወጣ። በኃይሌ በ0.09 ሰከንድ ተሸነፈ። እንግዲህ ከመታገስ ምን ተረፈው? ከፊት ብትሮጥ ይሻልሃል፤ ቢያንስ ቴሌቪዥኑ ለሃያ ምናምን ደቂቃ ያሳይሃል፣ ሰፈርተኛውም «ልጃችን መሪ ነው» እያለ ቡናውን ይጠጣል።

አሠልጣኝህ «ተረጋጋ፣ ተከተል፣ አጨራረስህን ጠብቅ» ካለህ አትስማው። ይልቅ አሯሯጭ የሚባል ሥራ እንዳለ አስታውሰው፤ ፊት ፊት ሮጦ ነፋሱን ሰንጥቆ፣ ከዚያ ከመሙ ወጥቶ ለመሄድ ገንዘብ የሚከፈለው ሰው ነው። አንተ ያንኑ በነፃ ትሠራለህ፤ ያውም እስከ መጨረሻው።