ጋቢ በሪያድ ሙቀት

እኔ ሪያድ ስመጣ ፎቶ ማለት የኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ፎቶ ነበር፦ ነጭ ጀርባ፣ የተኮሳተረ ፊት፣ አለቀ። እስከ 2004 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ድረስ ካሜራ ያለው ሞባይል ራሱ ክልክል ነበር። ያኔም አጉረመረምኩ። ዛሬ ሁሉም ፎቶ አንሺ ሆኗል፤ ዛሬም አጉረመርማለሁ። ጉልበቴ እንጂ ምላሴ መቼ ደከመ!

ሰሞኑን ልጆቻችን፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ የዘፋኞችን ምስል በትልቁ አሳትመን ግድግዳ ላይ እንደረድራለን ብለው ተነሱ። ከከተማው ዳር ኢስቲራሃ (የመዝናኛ ግቢ) ተከራዩ፤ ከአገር ቤት የመጣ ስመ ጥር ድምፃዊም አስቀመጡ። ስሙን አልጠራም፤ በደሉ ይበቃዋል። ሰውየው ኪቦርድ እየነካ የሚዘፍን ነው። እነሱ ግን ጋቢ ደረቡለት፤ በዚህ ሙቀት! ቀጥለው ክራር አስታቀፉት። የሰው ሕፃን በድንገት እንደተሰጠው ወንደላጤ ተጨንቆ ያዘው። "እስቲ ትንሽ እዘን" አሉት። ማዘኑስ አዝኖ ነበር።

"ልጆች፣ አውታሩ እኮ ወደ ሆዱ ዞሯል" ብላቸው፣

"አባባ፣ ፎቶ ነው፤ ድምፁ አይሰማም!" አሉኝ።

እኔ መልበስን አልጠላም። ጌታቸው መኩሪያ ጎፈር ደፍቶ ሳክስፎን ሲነፋ ማን ሳቀበት? ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ያስጮኸ ሰው ነው፤ ጎፈሩ ይገባዋል። የፍራንሲስ ፋልሴቶን "አቢሲኒ ስዊንግ" የተሰኘ የፎቶ መጽሐፍ (2001 እ.ኤ.አ.) ገልጣችሁ የድሮዎቹን ባንዶች ተመልከቱ። መለከት ነፊው ከነመለከቱ ቆሟል፤ መሰንቆ ያዝ ያለው የለም። እዚሁ ሪያድ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ከረጅም ዓመታት በኋላ በንጉሥ ፋህድ የባህል ማዕከል የዘፈነው የሳዑዲው ድምፃዊ ሙሐመድ ዐብዱም ዑድ ታቅፎ ቢነሳ ያምርበታል፤ ዑድ መቺ ነዋ!

"ባህላችን እንዲታይ ብለን ነው" ይሉኛል። ያ ኪቦርድ የስንቱን ሰርግ አስጨፍሯል፤ እናንተስ በማን ዘፈን ተዳራችሁ? የሰውየውን እንጀራ ከፎቶው አውጥታችሁ የማያውቀውን ዕቃ ስታሸክሙት፣ ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ሌላ ሰው ነው።

እንግዲህ ልጆች፣ ሰውየውን መልሳችሁ ጥሩት፤ ጋቢውን አውልቁለት፤ ከኪቦርዱ ጋር አንሱት፤ ከፈለገም ይሳቅ። ክራሩንም ቶሎ መልሱ። ያዋሳችሁ የመንፉሃ ሰፈር ልጅ ዋስ ያደረገው እኔን ነው፤ ጠዋት ማታ እየደወለ ነው።